ነፃ ሶፍትዌር፦ ማን ይፈትሸዋል? ማንስ ይጠግነዋል?

በየትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ «ኦፕን ሶርስ» የሚባል ቃል አብሮ ይነሣል። ኦፕን ሶርስ ማለት የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ማለት ነው። ሊኑክስ፣ ፋየርፎክስና ሊብረ ኦፊስ ከዚህ ወገን ናቸው። ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ታዲያ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ለተጠቃሚው ከመውጣታቸው በፊት ማን ፈተሻቸው? ሁለተኛ፣ ከወጡ በኋላ ጉድለት ቢገኝባቸው ማን ይጠግናቸዋል? ነገ የተማሪዎችን ውጤት በኮምፒዩተር መዝግበን የምንይዝ መምህራን ስለሆንን መልሱን ማወቅ ይገባናል።

ውሉ ምን ይላል?

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ውሉ ነው። አንዳንዶቹ የሚወጡበት ጂ.ፒ.ኤል. የተባለው ፈቃድ፣ ሶፍትዌሩ እንዳለ የሚሰጥ መሆኑንና ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ዋስትና የሌለው መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ይህ ሲባል ግን ማንም አይፈትሸውም ማለት አይደለም። በውል ያልተገደዱበትን ሥራ በራሳቸው ሥርዓት ይሠሩታል ማለት ነው እንጂ።

የደቢያን ሦስት ደረጃዎች

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረውን ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት እንመልከት። አዲስ ሥራ መጀመሪያ የሚገባው «ያልረጋ» ወደሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከባድ ጉድለት ካልታየበት «በፍተሻ ላይ» ወደሚባለው ይሸጋገራል። በመጨረሻም አዲስ ነገር መጨመር ይቆምና ያለውን ማረም ብቻ ይቀጥላል። ከባድ ጉድለቶች ተለቅመው ሲያልቁ «የረጋ» ተብሎ ይወጣል። ከክፍል ክፍል በፈተና እንደሚያልፍ ተማሪ ነው። ደቢያን 12 በጁን 2023፣ ደቢያን 13 ደግሞ በኦገስት 2025 በዚህ መንገድ ወጥተዋል። የረጋው እትም ሦስት ዓመት ያህል ሙሉ እንክብካቤ ያገኛል፤ ከዚያም ሌላ ቡድን ተረክቦ ሁለት ዓመት ይጨምርለታል።

ዕድሜው የታወቀ እትም

እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኡቡንቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር ይወጣል። ቁጥሩ ራሱ ቀኑን ይናገራል፤ 24.04 ማለት የ2024 አራተኛ ወር ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትም አምስት ዓመት ሲጠገን፣ ሌሎቹ የሚጠገኑት ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። በኦክቶበር 2024 የወጣው 24.10 በጁላይ 2025 ጥገናው አበቃ፤ ታላቁ 24.04 ግን እስከ 2029 ይቀጥላል። እንግዲህ አዲሱ ሁሉ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ «ድጋፍ» የሚለውን ቃል በትክክል እንረዳው። ስልክ ደውለን ሰው ይመጣልናል ማለት አይደለም። ጉድለት ሲገኝ ማረሚያው ይዘጋጃል፤ አውርዶ መጫን የእኛ ፋንታ ነው። በአካል የሚቆምልን ሰው ከፈለግን ድጋፍ የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፤ ያ ግን በገንዘብ ነው።

ሁሉም ያያል ሲባል ማንም ሳያይ

ጽሑፉ ክፍት መሆኑ ብቻውን አያድንም። በኢንተርኔት የሚላከውን ምስጢር የሚጠብቀው ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው እትም ውስጥ አንድ ጉድለት ገባ። አንዱ ኮምፒዩተር ለሌላው ቃል ልኮ «ይህን ያህል ፊደል ያለው ነው፤ መልስልኝ» ይለዋል። ተቀባዩ የተባለው ቁጥር እውነት መሆኑን ሳያረጋግጥ ያምናል። ቁጥሩ ከቃሉ ከበለጠ፣ ከራሱ ማስታወሻ ውስጥ የሰውን የይለፍ ቃል ጭምር ዘግኖ ይሰጣል። ይህ ጉድለት «ሃርትብሊድ» ተብሎ የታወቀው በኤፕሪል 2014 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም ነበር ማለት ነው። ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበትን ይህን ሥራ ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው የሚሠሩት ሰዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሎሚውን ሁሉም እየበላ ሸክሙን ለአንድ ሰው ከተዉለት ሰውየው ይወድቃል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ የረጋውን ወይም የረጅም ጊዜውን እትም መጫን፣ ጥገናው የሚያበቃበትን ቀን በመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ፣ ማረሚያ ሲወጣ ቶሎ መጫን፣ የውጤት መዝገቡን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፤ እነዚህ ናቸው። በፈተና ሰሞን እትም መቀየርማ ጭራሽ አይሞከርም።

የሙከራ እትም መሞከር የሚፈልግ ደግሞ ሥራ ባልተያዘበት ኮምፒዩተር ላይ ይሞክር። ሊብረ ኦፊስ በአማርኛም ስለሚሠራ ፊደላችን በትክክል መጻፉን ከእኛ የተሻለ የሚፈትሽ የለም። ጉድለት ሲገኝ «አይሠራም» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ተማሪ «አልገባኝም» ብቻ ቢለን ምን እንደምንመልስለት ይጨንቀን የለ? ስለዚህ የእትሙን ቁጥር፣ ምን እንዳደረግን፣ ምን እንደጠበቅንና ምን እንደሆነ በተራ እንጻፍ። ገንዘብ ያልከፈልንበትን ሥራ የምንከፍለው በዚህ ነው።