ትረስት ፈንድ፦ የአደራ ገንዘብ በስምና በተግባር

ቢስሚላሂ ራህማኒ ራሂም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ የምናወጋችሁ ብዙዎቻችን ስለምንጠራው፣ ጥቂቶቻችን ግን ትርጉሙን ስለምናውቀው አንድ ቃል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህታችን ሦስት የቲም ልጆቿን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ባለቤቷ ሲሞት ዘመድ ወዳጁና ጎረቤቱ ለልጆቹ ገንዘብ አዋጥቶ ነበር። ገንዘቡን የተረከበው የሟቹ ወንድም «ለልጆቹ ትረስት ፈንድ ከፍቼላቸዋለሁ» ብሏት ነበርና እሷም ልቧ አርፎ ተቀመጠች። አጎትየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በየወሩ ለልጆቹ ይቆርጥላቸው ነበር። ነገር ግን እሱም ሳይታሰብ ወደ አኺራ ሄደ። ባንክ ሲጠየቅ ሂሳቡ የተከፈተው በራሱ ስም ሆኖ ተገኘ። ወራሾቹም «ይህ የአባታችን ገንዘብ ነው» አሉ። ወረቀት የለም፤ ገንዘቡ ሲቆጠር የነበሩት ምስክሮችም በመጠኑ አልተስማሙም። ሽማግሌ ሆነን ብዙ ከደከምን በኋላ ከፊሉ ተመለሰ፤ የቀረው ግን እስከ ዛሬ ክርክር ነው። ታዲያ ይህ ገንዘብ በእርግጥ ትረስት ፈንድ ነበርን?

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው። «ትረስት» እምነት ወይም አደራ ማለት ሲሆን «ፈንድ» ለአንድ ዓላማ ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። በአንድ ላይ የአደራ ገንዘብ ልንለው እንችላለን። ያለ ሦስት ወገኖች አይቆምም። የመጀመሪያው ንብረቱን የሚሰጠው ሰው ነው። ሁለተኛው ተረክቦ የሚያስተዳድረው ባለአደራ ነው። ሦስተኛው ጥቅሙ የሚደርሰው ተጠቃሚ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ባለአደራው በስም የንብረቱ ባለቤት ቢሆንም ለራሱ ሊጠቀምበት አይችልም። ቢሞት ልጆቹ አይወርሱትም፤ ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪዎቹ አይወስዱትም። የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው። የእህታችን ልጆች የጎደላቸውም ይኸው ነበር፤ የአጎታቸው ገንዘብና የእነሱ ገንዘብ የተለየበት ድንበር አልነበረም።

አሠራሩ እንዴት ተጀመረ ቢባል፣ በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ወደ ጦርነት የሚሄድ ባለርስት ለቤተሰቡ እንዲይዝለት መሬቱን ለወዳጁ ያስተላልፍ እንደነበር የሕግ ታሪክ ያወሳል። አንዳንዱ ወዳጅ አደራውን ሲክድ መደበኛው ፍርድ ቤት መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ብቻ ያይ ነበርና ተበዳዮች ወደ ንጉሡ ቻንስለር ይጮኹ ጀመር። እሱም ባለአደራውን በሕሊናው ያስገድደው ነበር። ስለዚህ ይህ ሕግ የተወለደው ከአደራ መጉደል ነው። ከእስልምናው ወቅፍ ጋር ያለውን ተመሳሳይነት አይተው ሐሳቡ ከሙስሊሙ ዓለም የተወሰደ ነው የሚሉ ምሁራንም አሉ፤ ይህ ግን እስከ አሁን የሚያከራክር ነው።

ዛሬ ቃሉ በየፈርጁ ይነገራል። በአሜሪካ የመንግሥት ጡረታ መዋጮ የሚጠራቀምበት ቋት ትረስት ፈንድ ይባላል። በዚያው አገር ሳይሠራ በወላጆቹ ሀብት የሚኖር ወጣት ሲታማም «የትረስት ፈንድ ልጅ» ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ቃሉ በሰፊው የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2018 በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ተጠይቀው የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ በተቋቋመ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ለታማሚም ለየቲምም የተሰበሰበ መዋጮ ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራ እንሰማለን። ስሙ ግን ገንዘቡን አይጠብቀውም።

ለእኛ ነገሩ አዲስ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያማክሩ፣ ዋናውን አግደው ፍሬውን እንዲመጸውቱ ተመከሩ። መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ ተደረገ። የሚያስተዳድረው ሰው በአግባቡ ከፍሬው ቢመገብ ኃጢአት እንደሌለበት፣ ሀብት ማካበቻ ግን እንዳያደርገው ተወሰነ። ወቅፍ ማለት ይህ ነው። ትረስት ፈንድ ግን ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ እንዲያበቃ ተደርጎ ሊቋቋም ስለሚችል በዚህ ይለያል።

የየቲምን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ ሱረቱ አን-ኒሳእ ከመነሻዋ ጀምሮ ሥርዓቱን ዘርዝራ አስቀምጣለች። የየቲሞችን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ መብላት ከባድ ወንጀል ነው። ሀብታም የሆነ አሳዳጊ ከገንዘቡ ይቆጠባል፤ ድሃ የሆነ በአግባቡ ይወስዳል። ልጁ ሲበስል ይፈተናል፤ ቅን አስተዋይነት ከታየበት ገንዘቡን ይረከባል። ርክክቡም በምስክር ፊት ይሆናል። ገንዘቡን ዘካ እንዳይጨርሰው ይነገድበት የሚል ምክርም ከዑመር (ረ.ዐ.) ተላልፏል። ይህ ሁሉ የተባለው «ወንድሜ ነው፣ አምነዋለሁ» ለሚባለው ሰው ጭምር መሆኑን ልብ በሉ። ምስክር የሚጠራው ሌባ ስለተጠረጠረ ሳይሆን ሞት ቀጠሮ ስለሌለው ነው።

አንድ ጥንቃቄ እናክል። አባት በሕይወት እያለ ለልጆቹ ሊያስቀምጥ ቢፈልግ በስጦታ በልጆቹ መካከል ፍትሐዊ መሆን አለበት። ከሞት በኋላ የሚፈጸም ወሲያ ከሆነ ደግሞ ከንብረቱ ሲሶ ማለፍ የለበትም፤ ድርሻው በቁርኣን ለተወሰነለት ወራሽም አይደረግም። «ትረስት ፈንድ» በሚል ስም አንዱን ወራሽ ጠቅሞ ሌላውን መከልከል አይፈቀድም።

ስለዚህ ውድ አድማጮች፣ ለየቲም ገንዘብ ስትሰበስቡ አራት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ማን ሰጠ፣ ማን ተረከበ፣ ለማን ነው የሚለው ከነመጠኑ በወረቀት ይስፈርና ምስክሮች ይፈርሙበት። ሁለተኛ፣ ሂሳቡ በልጁ ስም ሆኖ በሞግዚቱ አማካይነት ይንቀሳቀስ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ስላሉ ወለድ የሚሸሽ ሰው አማራጭ አለው። ሦስተኛ፣ ባለአደራው ቢሞት ማን እንደሚተካው አስቀድሞ ይወሰን፤ በየዓመቱም ለእናትየውና ለሽማግሌዎች ሂሳብ ያሳይ። አራተኛ፣ ሞግዚትነቱን በፍርድ ቤት አጽኑት። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ ተከራካሪዎቹ እስከተስማሙ ድረስ፣ የሞግዚትነት፣ የወቅፍ፣ የስጦታና የውርስ ጉዳይ ያያሉ።

ያቺ እህታችን ለመጨረሻ ጊዜ ስታናግረን አጎትየውን አልወቀሰችም፤ «አላህ ይዘንለት» ነው ያለችው። እኛ ግን ራሳችንን ወቀስን። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ብዙዎቻችን እዚያው ነበርን፤ አንዳችንም ወረቀትና እስክሪብቶ አላወጣንም።

አላህ አደራ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።