ጥሬ ሰላጣን ሳይሰጉ ለመመገብ

የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ከትኩስ ወጥ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ያምረናል። በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም እኩለ ቀን ላይ የምግብ ፍላጎቱ የሚቀንስበት ሰው ጥቂት አይደለም። ዐቢይ ጾምም በአብዛኛው በዚሁ ወቅት ስለሚውል አትክልት በየቤቱ ከሌላው ጊዜ በበለጠ ይፈለጋል።

ይሁን እንጂ የጥሬ ሰላጣ ነገር ሲነሳ ብዙዎች ወደ ኋላ ይላሉ። «አሜባ ካስቸገረኝ ወዲህ ጥሬ ነገር አልነካም» የሚል ሰው በየቤተሰቡ አይጠፋም። በሌላ በኩል «ሎሚ ከጨመርኩበት ምን ያመጣብኛል?» ብሎ ቅጠሉን ለቅለቅ አድርጎ ብቻ የሚያቀርብም አለ። የመጀመሪያው ከመጠን በላይ በመፍራቱ ጥቅሙን ያጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለመጠንቀቁ በሽታ ይሸምታል። በዛሬው ዝግጅታችን ከሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ እናሳያለን፤ በቤት ውስጥ ከፍራፍሬ በሚዘጋጅ ማጣፈጫ የሚቀርብ ሰላጣ አሠራርም እናካፍላችኋለን።

ለምን እንመገበው?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ይህን መጠን ከሽሮና ከእንጀራ ጎን በምትቀርብ አንዲት ቁራጭ ቃሪያ ማሟላት አይቻልም። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ኪያር ከክብደታቸው ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ውሃ በመሆኑ በሙቀት ወቅት ለሰውነት ተጨማሪ ፈሳሽ ይሰጣሉ። በውስጣቸው ያለው አሰር ደግሞ የሆድ ድርቀትን ይከላከላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ጥቅም ከደም ማነስ ጋር የተያያዘ ነው። ጤፍ፣ ምስርና ሽምብራ የብረት ማዕድን አላቸው። ሆኖም ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ ያለበት ምግብ በአንድ ማዕድ ሲቀርብ ግን ሰውነታችን ከእህሉ የሚያገኘው ብረት ይጨምራል። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ሁሉም ቫይታሚን ሲ አላቸው። 100 ግራም ፓፓያ ብቻ ወደ 60 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ቫይታሚን ሲ ሲኖረው፣ የአንድ አዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት ከ75 እስከ 90 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ቫይታሚን በሙቀት ስለሚጎዳ ሳይበስል መመገቡ ይመረጣል።

ስለዚህ ከፍራፍሬ የሚሠራ ማጣፈጫ ለጣዕም ብቻ የሚጨመር ቅንጦት አይደለም። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለወጣት ሴቶችና በጾም ወቅት ሥጋ ለማይመገቡ ሰዎች የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። በተቃራኒው ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርጉ ከምግቡ ጋር ከመጠጣት ይልቅ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማዘግየት ይበጃል።

በማጣፈጫው ውስጥ ጥቂት ዘይት መኖሩም ምክንያት አለው። በካሮትና በማንጎ ውስጥ የሚገኘውና ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን በደንብ የሚመጠጠው ቅባት ሲኖር ነው። ካሮትን ያለ ምንም ቅባት በጥሬው መብላት ከጥቅሙ ከፊሉን እንደ መተው ይቆጠራል።

ሎሚና አቼቶ አይበቁም

ጥሬ አትክልት ታይፎይድን፣ አሜባን፣ ጃርዲያንና ወስፋትን ጨምሮ የተለያዩ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ከማሳው ነው። አትክልቱ በፍሳሽ በተበከለ ወንዝ ሲለማ ጀርሞቹና የጥገኛ ተዋስያኑ እንቁላሎች ቅጠሉ ላይ ይቀራሉ። በአዲስ አበባ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳርቻ የሚመረት አትክልት ለዚህ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። ከዚያም በማጓጓዝ፣ መሬት ላይ ዘርግቶ በመሸጥና በቆሸሸ ውሃ በማርጠብ ብክለቱ ይጨምራል።

ሎሚና አቼቶ የአንዳንድ ጀርሞችን ቁጥር ሊቀንሱ ይችላሉ። የወስፋት እንቁላልን ግን አይገድሉም። ይህ እንቁላል ክሎሪንንም ሳይቀር የሚቋቋም፣ ቅጠል ላይ የሚጣበቅ ነው። የሚለቀው በሚወርድ ውሃ በእጅ ሲታሽ ነው። ለዚህም ነው መዘፍዘፍ ብቻውን ማጠብ ሊባል የማይችለው።

እንዴት እንጠበው?

በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የሰላጣውን የውጭ ቅጠሎችና የተበላሹትን ያስወግዱ። ቀሪዎቹን አንድ በአንድ ገንጥለው አፈሩ እንዲለቅ በውሃ ያንሷቸው፤ ይህን ውሃ ይድፉት። ቀጥሎ እያንዳንዱን ቅጠል በሁለቱም በኩል በሚወርድ ውሃ ሥር በጣትዎ ይሹት። የቧንቧ ውሃ በማይኖርበት ጊዜ ሌላ ሰው በጆግ እያንቆረቆረ ሊያግዝዎ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ለምግብና ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የተዘጋጀ ክሎሪን ካለዎት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ መሠረት ቅጠሉን ያቆዩት። ለልብስ የሚሆን በረኪናን በግምት መጨመር ወይም አትክልትን በዱቄት ሳሙና ማጠብ አይገባም፤ ኬሚካሉ ቅጠሉ ላይ ቀርቶ ሊጎዳ ይችላል። በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በታከመ ውሃ አለቅልቀው ያጥልሉት።

ውሃ ሲያፈሉ የቦታው ከፍታም ከግምት ይገባል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2ሺ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኙ ቦታዎች ውሃ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ መቆየት አለበት። በቆላማ አካባቢ 1 ደቂቃ ይበቃል።

ቲማቲም፣ ኪያር፣ ካሮት፣ ማንጎና ሎሚም ከመላጣቸውና ከመቆረጣቸው በፊት መታጠብ አለባቸው። ልጣጩ ላይ ያለ ቆሻሻ በቢላዋው አማካይነት ወደ ውስጥ ይገባልና። ጥሬ ሥጋ በተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም።

አትክልቱ በምን ውሃ እንደለማ ሻጩን መጠየቅ አይፈሩ። እጥበት ጀርምን ይቀንሳል እንጂ ተክሉ ከተበከለ ውሃ በሥሩ የመጠጠውን ከባድ ብረት አያወጣም። ምንጩ ካጠራጠረዎት የሚላጡትን ይምረጡ፤ ወይም በጥሬው ቅጠል ፋንታ ቆስጣን በፈላ ውሃ ቀቅለው፣ አቀዝቅዘውና ጨምቀው ይጠቀሙ። በደጅ ወይም በጓሮ ባለች ትንሽ መደብ ላይ፣ አልፎ ተርፎም በአሮጌ ጀሪካን ሰላጣ ማብቀል ደግሞ ከሁሉም የተሻለ መተማመኛ ይሰጣል።

ለአራት ሰው የሚሆን ሰላጣ

ለሰላጣው የሚያስፈልጉት አንድ መካከለኛ ራስ ሰላጣ፣ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ኪያር፣ አንድ ትልቅ ካሮት፣ አንድ አቮካዶ፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያና አንድ ሲኒ የተቀቀለ ሽምብራ ናቸው። ሽምብራውን ከዋዜማው ዘፍዝፈው ቢያሳድሩት ቶሎ ይበስላል። ሽምብራ መጨመሩ ሰላጣውን ከማባያነት አውጥቶ ራሱን የቻለ ምሳ ያደርገዋል።

ለማጣፈጫው ደግሞ አንድ በደንብ የበሰለ ማንጎ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት፣ አንድ ትንሽ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቁራጭ ዝንጅብል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ አዮዲን ያለው ጨውና ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ ያዘጋጁ።

ማንጎውን ልጠውና ከፍሬው ለይተው ከሎሚው፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር በጁስ መፍጫ ይፍጩት። ዘይቱን በመጨረሻ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ያዋህዱት። ከወፈረብዎት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ሦስት ማንኪያ ያክሉ። መፍጫ ከሌለ ማንጎውን በሹካ ደቁሶ በወንፊት ማጥለል፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ደግሞ ወቅጦ መቀላቀል ይቻላል።

ማንጎ በተወደደበት ወቅት ፓፓያ ወይም የሁለት ብርቱካን ጭማቂ ይተካዋል። ጭማቂው ቀጭን ስለሆነ ከአቮካዶው ሩቡን አብሮ መፍጨት ያወፍረዋል። ቆልቶ የተፈጨ ተልባ ወይም ሰሊጥ አንድ ማንኪያ ቢጨመርበት ጣዕሙ ይዳብራል። ፍራፍሬው በራሱ ጣፋጭ በመሆኑ ስኳር አያስፈልገውም።

ቅጠሉ ውሃው በደንብ ከጠፈፈ በኋላ በእጅ ይቆራረጥ። ካሮቱ ይፈቅፈቅ፤ ሌሎቹ ይከተፉ። ማጣፈጫው የሚጨመረው ሊበላ ሲል ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተጨመረ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ውሃም ያወጣል። ጾም ባልሆነ ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አይብ ቢጨመርበት ይስማማል።

ታሽገው የሚሸጡ የሰላጣ ማጣፈጫዎች ብዙዎቹ ጨው፣ ስኳርና ዘይት ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዋቂ ሰው የቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እንዲሆን ያሳስባል። በወጡና በዳቦው የምናገኘው ጨው ሲታሰብ ማጣፈጫውን በቤት መሥራት በተለይ ደም ግፊት ላለበት ሰው ይጠቅማል።

አቀማመጥ

የተዘጋጀ ሰላጣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ማቀዝቀዣ ከሌለ በአንድ ማዕድ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሥሩ። ማጣፈጫው ብቻውን በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ በማቀዝቀዣ እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የተቀላቀለው ሰላጣ ግን ለማግስቱ አይተርፍም።

ማን ይጠንቀቅ?

ነፍሰ ጡሮች በሚገባ ያልታጠበ አትክልት ፅንስን የሚጎዳ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተዋስያን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከቤት ውጭ የሚቀርብ ጥሬ ሰላጣን ቢተዉ ይመረጣል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የማንጎውን መጠን ቀንሰው ሎሚውን ቢያበዙ፣ ጨጓራ የሚያስቸግራቸው ደግሞ ሎሚውንና ቃሪያውን ቢቀንሱ ይሻላቸዋል። አቮካዶ፣ ቲማቲምና ብርቱካን የፖታሲየም መጠናቸው ከፍ ያለ በመሆኑ የኩላሊት ሕመምተኞች አስቀድመው ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም የቅጠላ ቅጠል አመጋገባቸውን በድንገት መጨመር ወይም መቀነስ የለባቸውም። ማጣፈጫውን በማር ማጣፈጥ የሚወዱ ካሉ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ፈጽሞ እንደማይሰጥ ይወቁ።

ከምግብ በኋላ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትኩሳት ወይም ብርቱ ትውከት ከታየ በራስ ፈቃድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ አይገባም። በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ፣ እስከዚያም በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ አር ኤስ መጠጣት ተገቢ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ጥሬ ሰላጣን ከማዕድ ማስወጣት መፍትሔ አይደለም፤ ሳያጥቡ ማስገባትም እንዲሁ። ዛሬ ሰላጣ ለመሥራት ካሰቡ ከማንጎው በፊት የሚታጠቡበትን ውሃ ያዘጋጁ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ማሸት የሚወስደው ጊዜ በሕመም ምክንያት በጤና ተቋም ወረፋ ከሚጠፋው ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው።

መልካም ማዕድ፣ መልካም ጤንነት!