የፍሬን መንቀጥቀጥና ድምፅ

የፍሬን መንቀጥቀጥ ማለት አሽከርካሪው ፍሬን በሚይዝበት ጊዜ ብቻ በመሪው፣ በፔዳሉ ወይም በወንበሩ ላይ የሚሰማ ንዝረት ነው። «ብቻ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። መኪናው ፍሬን ሳይያዝም በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑን ያጣ ጎማ፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ያረጀ ኩሽኔታ ነው እንጂ ፍሬኑ አይደለም።

በአዲስ አበባ ይህ ብልሽት ከከተማዋ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባሉት መንደሮችም ሆነ በእንጦጦ መንገድ የሚመላለስ መኪና ፍሬኑን ረጅም ሰዓት ይዞ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቁልቁለቱን ያልለመዱ አሽከርካሪዎችም ወደ ተራራው ይወጣሉ። በከተማዋ የሚታዩት አሮጌ መኪኖች፣ ማለትም ቶዮታ ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ላዳና ሚኒባስ ታክሲዎች፣ በአብዛኛው ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ያላቸው ናቸው።

ቁልቁለትና ሙቀት

ፍሬን የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ወደ 5.9 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይለቃል። ይህ ኃይል አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ እስከ መፍላት ሊያደርስ ይችላል (በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው)። መኪናው በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ከወረደ ከዚህ ኃይል ከፍተኛውን ድርሻ ሞተሩ ይይዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በዜሮ ማርሽ ከተወረደ ግን ሙቀቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የፊት ዲስኮቹ ዕጣ ነው። የሚቆጠበው ነዳጅ ኢምንት ነው፤ ኢንጀክሽን ባለው መኪና ደግሞ በማርሽ ሲወረድ ነዳጅ ስለሚቋረጥ ምንም ቁጠባ የለም።

ሙቀቱ መንቀጥቀጥን የሚያመጣበት መንገድ ብዙ ጊዜ «ዲስኩ ተጣሟል» ተብሎ ይገለጻል። አባባሉ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው የውፍረት ልዩነት ነው፦ ዲስኩ በአንድ በኩል ቀጠን፣ በሌላው ወፈር ይላል። ልዩነቱ 0.02 ሚሊሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን እንኳ በእግር ሊሰማ ይችላል። ቁልቁለቱ ባለቀበት የመኪና ሰልፍ ውስጥ የጋለ ፍሬን ረግጦ መቆምም ይህንኑ ያስከትላል፤ ከሸራው የሚለቀቀው ቅሪት ዲስኩ ላይ በአንድ ቦታ ይጣበቃል። ሜዳ ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን ይዞ እግርን ማንሳት ዲስኩን ከዚህ ያድናል።

ምርመራ

መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የፊት ዲስኮች ናቸው። መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩና ፔዳሉ የሚነዝሩ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ኋላ ታምቡር ይሄዳል። ይህን ለማረጋገጥ ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየተነዳ፣ የእጅ ፍሬኑ ቁልፉ እንደተጫነ ቀስ ተብሎ ይሳባል። የእጅ ፍሬኑ የኋላውን ብቻ ስለሚይዝ ንዝረቱ ከተደገመ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል ማለት ነው። ኤቢኤስ ባለው መኪና በድንገተኛ ፍሬን ወቅት ፔዳሉ መርገብገቡ የተለመደ ሥራው ነው።

መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ፣ ከአጭር ጉዞ በኋላም አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ (እጅን አቅርቦ እንጂ ነክቶ አይደለም የሚታወቀው) ካሊፐሩ ተጣብቆ ሸራውን አልለቅም ብሏል። የኮተቤና የካራ አቧራና ጭቃ የካሊፐሩን ተንሸራታች ፒኖች ስለሚያደርቅ ይህ ብልሽት እንግዳ አይደለም።

ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ዲስኩ ከኋላው ካለው ሞዞ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝገት ከያዘ አዲስ ዲስክ እንኳ ተዛብቶ ይዞራል። የጎማ ዳዶዎች ተራ በተራ በክብ ሳይሆን ፊት ለፊት በመስቀለኛ ካልጠበቁም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ቶርኖ ቤት ከመላክ በፊት ዝገቱን መፋቅና ዳዶውን በትክክል ማጥበቅ ይቀድማል። ቶርኖ ዲስኩን ያስተካክላል፣ ግን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ መንቀጥቀጡም በጥቂት ወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ይቀየራል እንጂ አይታረምም።

የድምፁ ዓይነቶች

በክረምት ጠዋት የሚሰማውና ፍሬን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዝ የሚጠፋው ሻካራ ድምፅ ሌሊት በዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው፤ ጉዳት የለውም። ቀጭንና የማያቋርጥ ጩኸት ሸራው ማለቁን ሊናገር ይችላል፤ በብዙ ሸራዎች ላይ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ሸራው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ዲስኩን እየነካች እንድትጮኽ ታስባ የተሠራች ናት። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ከተሰማ ግን ሸራው አልቋል፤ መኪናው በዚያ ሁኔታ ቁልቁለት መውረድ የለበትም።

ከሁሉም የከፋው ብልሽት ድምፅም ንዝረትም የለውም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበት ሲጠግብ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠርና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ወለል ድረስም ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መቀየር የሚመከረው ለዚህ ነው። በተጨማሪም ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ ስበት በአየር ግፊት ላይ ይመሠረታል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ እንጦጦ ላይ ፔዳሉ ጠንከር ያለ እግር ይፈልጋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከተወረደ ደግሞ እገዛው ከጥቂት ርግጫ በኋላ ጨርሶ ይቋረጣል።