የሽንት ፊኛ ካንሰር ሕሙማንና አጋዣቸው ቢካን

የሽንት ፊኛ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከፊኛው የውስጥ ሽፋን የሚነሳ በሽታ ሲሆን፣ ዋነኛ ባሕርዩ ከታከመ በኋላም ደጋግሞ ማገርሸቱ ነው። ከአራት ሕሙማን በሦስቱ ላይ ያህል ዕጢው የፊኛውን ጡንቻ ሳይወጋ ስለሚደረስበት ተፍቆ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ታማሚው ለዓመታት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየሦስት ወሩ፣ ሲስቶስኮፒ ለተባለው ምርመራ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ አስገብቶ ፊኛን ለማየት፣ ወደ ሐኪም መመላለስ ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት ብዙዎች «ድኛለሁ» ለማለትም ሆነ «ታምሜአለሁ» ለማለት ሳይደፍሩ ይኖራሉ።

ዕጢው ወደ ጡንቻው ከዘለቀ ግን ፊኛውን ጨርሶ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ከትንሹ አንጀት ቁራጭ ወስዶ ሽንቱ ስቶማ በሚባል፣ ሆድ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ በኩል ወደ ከረጢት እንዲፈስ ያደርጋል፤ ወይም ከአንጀቱ አዲስ ፊኛ ይሠራል። የጤናው ሁኔታ ሁለቱንም የሚፈቅድ ከሆነ፣ ምርጫው በአመዛኙ ለታማሚው የሚተው ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሥራውን ስልት ጠንቅቆ ያስረዳል፤ ከረጢቱ ሌሊት እንዴት እንደሚያዝ፣ ሲሰግዱ ወይም ረጅም መንገድ ሲጓዙ ምን እንደሚደረግ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር ነገሩ እንዴት እንደሚነሳ አጥርቶ የሚናገረው ግን የኖረበት ሰው ብቻ ነው።

የአሜሪካው ብላደር ካንሰር አድቮኬሲ ኔትዎርክ፣ በአሕጽሮት ቢካን፣ የተመሠረተው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ጆን ኩዌል እ.ኤ.አ. በ2000 በዚህ በሽታ መያዛቸው ሲነገራቸው፣ በአገራቸው ለፊኛ ካንሰር ብቻ የቆመ የሕሙማን ድርጅት አልነበረም፤ ስለዚህ ከባለቤታቸው ከዳያን ጋር ሆነው በ2005 ቢካንን አቋቋሙ። ጆን በ2008 ቢያርፉም ድርጅቱ ቀጥሎ፣ ምርምርን ከማገዝና ሐኪሞችን በየዓመቱ ለምክክር ከመሰብሰብ ጎን ለጎን፣ አዲሱን ታማሚ ተመሳሳይ ሕክምና ካለፈ ፈቃደኛ ጋር በስልክ በነፃ ያገናኛል። ፈቃደኛው የሕክምና ምክር አይሰጥም፤ ያለፈበትን ይናገራል፣ ይሰማል። ከድርጅቱ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ሊመሰገን የሚገባው ይኸው ነው።

የቢካን መቀመጫ ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ፣ በርካታ የኢትዮጵያ ተወላጆች ለሚኖሩባት ለሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት ናት። በዚህ ማኅበረሰብም ውስጥ፣ ስለ ሽንት በሰው ፊት መናገር ነውር ሆኖ በሚታይበት ቤት ያደገ አባት፣ ሽንቱ ላይ ደም ቢያይም ለልጆቹ ሳይናገር ወራት ሊያሳልፍ ይችላል፤ ደሙ ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው፣ አንዳንዴም በራሱ ስለሚጠፋ፣ መዘግየቱ ይብሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደም አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይ እንኳ ለሐኪም ይነገር፤ በሽታው ከተረጋገጠም፣ ቀዶ ሕክምናው ከመወሰኑ በፊት፣ ያንኑ ሕክምና ያለፈ ሰው እንዲያነጋግራችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።