«ዕቃ ሲሟላልኝ እጀምራለሁ»፦ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተረትና እውነታ

በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሙዚቃው አይደለም፤ ስለ ዕቃው ነው። «ስንት ብር ያስፈልገኛል? የትኛውን ኪቦርድ ልግዛ? ይሄ ላፕቶፕ ይችላል?» ይለኛል። ጥያቄው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከኖረ ወሬ የመጣ ነው። ወሬው ደግሞ ጥሩ ጆሮ ያላቸውን ብዙ ልጆች ገና ሳይጀምሩ አስቀርቷል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ከእውነታው ጋር ላስተያያቸው።

«ያለ ሙሉ ስቱዲዮ ሙዚቃ አይሠራም»

ስቲቭ ሌሲ የተባለው አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በጉርምስናው ዘመን ቢት ይሠራ የነበረው በስልኩ ነው። ጊታሩን በትንሽ ማገናኛ አይፎኑ ላይ ይሰካና ጋራዥባንድ በተባለው ነፃ አፕ ይቀዳል። ኬንድሪክ ላማር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው «ዳም» አልበም ውስጥ ያለው «ፕራይድ» የተሰኘ ዘፈን መነሻው ከዚያ ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የቢሊ አይሊሽ የመጀመሪያ አልበምም በአብዛኛው የተሠራው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የወላጆቿ ቤት፣ በወንድሟ በፊኒየስ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ተሸለመ።

ነገሩ የስልክ ዘመን ብቻ አይደለም። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ቲቢ-303 የተባለች ትንሽ ማሽን አወጣ። ማሽኗ የታሰበችው በባዝ የሚያጅበው ሰው ላጣ ጊታር ተጫዋች ነበር። ድምጿ ግን እውነተኛ ባዝ ጊታር ስለማይመስል ገዢ አጣች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ምርቷ ቆመ። ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ውስጥ በርካሽ ስትወድቅ የቺካጎ ወጣቶች አነሷት። ፊውቸር የተባለው ቡድን አባላት ቁልፎቿን ከመመሪያው ውጪ እያጠማዘዙ ያወጡት እንግዳ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1987 «አሲድ ትራክስ» ሆኖ ታተመ፤ አሲድ ሃውስ የሚባለው የሙዚቃ ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ልጆቹ የያዙት በጊዜው ማንም የማይፈልገውን ዕቃ ነበር።

ታዲያ በእውነት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ደህና ሄድፎን፣ አንድ ፕሮግራም። ላፕቶፕ ከሌለ ባንድላብ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በስልክም ይሠራል። ለኮምፒውተር ኤልኤምኤምኤስ እና ዌቭፎርም ፍሪ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቫይታል እና ሰርጅ ኤክስቲ የተባሉት ነፃ ሲንተሳይዘሮች ደግሞ በድምፅ ጥራት በገንዘብ ከሚሸጡት አያንሱም። ኪቦርድ የግድ አይደለም፤ ኖታውን በማውስ አንድ በአንድ መደርደር ይቻላል። ያዘገያል እንጂ አያግድም።

«ላፕቶፔ ደካማ ነው» ብለው ተስፋ ከሚቆርጡት ብዙዎቹ የተቸገሩት በአንድ ቅንብር ምክንያት ነው፤ በፈር ይባላል። ኮምፒውተሩ ድምፅ ወደ ጆሯችን ከመላኩ በፊት የሚያጠራቅመው የናሙና ብዛት ማለት ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚሠራ ፕሮጀክት በፈሩ 1024 ሲሆን ድምፁ ወደ 23 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ኪቦርዱን ስንነካና ድምፁን ስንሰማ ያለው ልዩነት በጣት ይታወቃል። ወደ 128 ሲወርድ መዘግየቱ 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግን ኮምፒውተሩ ይጨነቅና ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። መላው ቀላል ነው፤ ስንጫወትና ስንቀዳ በፈሩን ዝቅ፣ ሚክስ ስናደርግ ከፍ ማድረግ። ዊንዶውስ ላይ አሲዮ የተባለውን የድምፅ ድራይቨር መጠቀም በራሱ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ፕሮጀክቱ ከከበደም ያለቀለትን ትራክ ወደ ድምፅ ፋይል ለውጦ ፕለጊኑን (ድምፁን የሚያመነጨውን ተጨማሪ ፕሮግራም) ማጥፋት ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳይሞክር አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

«ክራክ እያለ ማን ይከፍላል?»

ክራክ የተደረጉ፣ ማለትም መቆለፊያቸው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሰራጩ ፕለጊኖች ቫይረስ ተሸክመው መምጣታቸው የታወቀ ነው፤ ሳይታሰብ ሥራ አቁመው የወራት ድካም የያዘ ፕሮጀክት እንዳይከፈት ያደርጋሉ። ከአገር ውስጥ ሆኖ በዶላር መክፈል ለብዙዎቻችን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አማራጭ አለ። ከላይ ከጠቀስኳቸው ነፃ ፕሮግራሞች በተጨማሪ፣ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤፍኤል ስቱዲዮ የሙከራ ቅጂ አለው። በሙከራው ቅጂ ሙሉ ሥራ ሠርቶ ወደ ድምፅ ፋይል ማውጣት ይቻላል፤ የማይቻለው ያስቀመጡትን ፕሮጀክት ሳይገዙ እንደገና መክፈት ነው። ይህ ለጀማሪ እንደ ጉዳት መታየት የለበትም፤ በአንድ መቀመጫ ጀምሮ መጨረስን ያስለምዳል።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል»፤ «ኖታ የማያውቅ አይነካውም»

እነዚህን ሁለት ተቃራኒ አባባሎች አንዳንዴ ከአንድ ሰው አፍ እሰማቸዋለሁ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፕሮግራሙ የተዘጋጁ ሉፖችን ይሰጣል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ የት ላይ ዝም ማለት እንደሚገባ የሚወስነው ግን ሰው ነው። ኖታ ማንበብም ለመጀመር ግዴታ አይደለም። ነገር ግን እውቀት ይጠቅማል፤ «ትምህርት ፈጠራን ይገድላል» የሚለውን ወሬ ፈጽሞ አልቀበለውም። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ያቀናበረው ነፍሱን ይማረውና ኤልያስ መልካ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነበር፤ የቅንብሮቹን መስመር ለብቻ ለብቻ ለይቶ ያዳመጠ ሰው እውቀቱ ምን እንዳደረገለት ይሰማል።

«የእኛ ሙዚቃ ለኮምፒውተር አይመችም»

ከሁሉም በላይ ማረም የምፈልገው ይህንን ነው።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀዳ። በልጅነቱ የተጫወተውን አኮርዲዮን ይዞ ሙግ ሲንተሳይዘርን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖንና የድራም ማሽንን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ የእኛኑ ዜማዎች ተጫወተ። በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን በመኪናው ሻንጣ ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሌለ ሰዓት ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለም አድማጭ አገኘው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ዛሬ አንድ ልጅ በላፕቶፑ የሚያደርገውን ኃይሉ ከአርባ ዓመት በፊት በእጁ አድርጎታል።

ከእሱ በኋላ የመጡትም አሉ። ሙዚቀኛው እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የአገር ቤት ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ቅንብር ጋር አዋሕዶ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ጠራው። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም»ን አሳተመ። ሮፍናን ኑሪ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በአማርኛ ሰፊ ሕዝብ ሊሰበስብ እንደሚችል አሳየ።

ይሁን እንጂ ወሬው ከምንም የተነሣ አይደለም። ፕሮግራሞቹ ሲከፈቱ የሚመጡት በ4/4 ምት ነው፤ አንዱ ዙር በ16 ሳጥን ተከፋፍሎ ይጠብቀናል። ጭክጭካ ግን 6/8 ነው። ጀማሪው ከበሮውን 16 ሳጥን ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል፤ አልገባ ሲለው «አይመችም» ይላል። ማድረግ ያለበት የፕሮጀክቱን ምት ወደ 6/8 መቀየር፣ ሳጥኖቹንም 12 ማድረግ ነው። ከዚያ ደግሞ ኳንታይዝ የሚባለውን ቁልፍ በልክ መጠቀም አለበት። ኳንታይዝ እያንዳንዱን ምት ወደ መሥመሩ ይጎትታል፤ የሠርግ ቤት ከበሮ መቺ ግን መሥመር ላይ አይመታም። አንዳንዱን በጥቂት ሚሊሰከንድ ያስቀድማል፣ አንዳንዱን ያቆያል፤ አንዱን ያጠነክራል፣ ሌላውን ይዳስሳል። ሚዲ የሚባለው መግባቢያ የእያንዳንዱን ምት ጥንካሬ እስከ 127 ድረስ ለመመጠን ይፈቅዳል። ሁሉንም 127 ላይ ትቶ «ከበሮው ሕይወት የለውም» ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

ቅኝቶቹም እንዲሁ ናቸው። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ኪቦርድ ላይ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ፣ ከፋ ሻርፕ ተነሥቶ የሚጫወት ሰው ሳያስበው ሜጀር ትዝታ ውስጥ ይገባል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አምስቱን ድምፆች ፒያኖ ሮሉ (ኖታ የሚደረደርበት መስኮት) ላይ ምልክት አድርጎ ከእነሱ ሳይወጡ አንድ ሳምንት መሥራት ከየትኛውም የቪዲዮ ትምህርት በላይ ያስተምራል። የቀረ አንድ ችግር አለ፤ ፒያኖ እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ እኩል 100 ሴንት አድርጎ ይከፍላል፤ በጆሮ የተቃኘ ክራር ግን ለዚህ ልክ አይገዛም። ስለዚህ የተቀዳ ክራርና ሲንተሳይዘር አንድ ላይ ሲጫወቱ ይጋጫሉ። ክራሩን ወደ ፒያኖው ልክ መጎተት አንዱ መንገድ ነው፤ እኔ አልወደውም። ሰርጅ ኤክስቲን የመሰሉ ሲንተሳይዘሮች የራሳችንን ቃና እንድናስገባላቸው ስለሚፈቅዱ፣ ሲንተሳይዘሩን ወደ ክራሩ ማምጣት ይቻላል። የአገራችን ድምፅ ያለው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከዚህ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

«ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ለጥፍበት»

ካርቶኑ ስስ ወረቀት ነው። ከቀጭን ድምፆች ጥቂቱን ይቀንስ ይሆናል፤ ባዝን አይነካም፣ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድም አያግድም፤ በዚያ ላይ በቀላሉ እሳት ይይዛል። እኔም በጊዜው ስንት ቀን ለቃቅሜ ለጥፌው ጎረቤቴ ሁሉን ይሰማ ነበር። ድምፅ ለመቅዳት ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ፊት መቆም ወይም ከኋላ ወፍራም ብርድ ልብስና ፍራሽ ማቆም በብዙ ይሻላል።

«ጎልቶ የሚጮኸው ያሸንፋል»

ስፖቲፋይና ዩቲዩብ የሚጫኑባቸውን ዘፈኖች ድምፅ ወደ ተቀራራቢ ልክ ያወርዳሉ፤ ልኩ የድምፅ ጉልህነት በሚለካበት ኤልዩኤፍኤስ −14 ገደማ ነው። ድምፁ እስኪሰባበር የተገፋ ሥራ እዚያ ሲደርስ ዝቅ ይደረጋል፤ መሰባበሩ ግን አብሮት ይቀራል።

«ከሰባት ሰከንድ በታች ሳምፕል ማድረግ ነፃ ነው»

ሳምፕል ማድረግ ከሌላ ሰው ቀረጻ ቆርጦ መጠቀም ነው፤ ከሰባት ሰከንድ ካነሰ ነፃ ነው የሚል ሕግ የለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች የተጠበቁት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ አዋጁ ሰከንድ እየቆጠረ ሳምፕል አይፈቅድም። አንድ ቀረጻ ዩቲዩብ ላይ መገኘቱም ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የድሮ ዘፈኖቻችንን መንካት እወዳለሁ፤ ብዙዎቹ ድምፃውያንና ቤተሰቦቻቸው ግን ከሥራቸው ያገኙት ጥቂት ነው። እኛም ድርሻቸውን ዳግም አናስቀርባቸው። ፈቃድ ማግኘት ካልተቻለ ክራር የሚጫወት ጓደኛ ጠርቶ አዲስ ዜማ መቅዳት ይቻላል፤ ያ ቀረጻ የራሳችሁና የጓደኛችሁ ነው።

ላፕቶፕ ያላችሁ በላፕቶፑ፣ ስልክ ብቻ ያላችሁም በስልኩ፣ ዛሬ ማታ ምቱን 6/8 አድርጉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በየጥቂት ደቂቃው አስቀምጡ። አንድ ከበሮ፣ አንድ ባዝ፣ ከአምስት ድምፅ ያልበለጠ አንድ ዜማ ይዛችሁ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ሥራ እስከ መጨረሻው አድርሱ። ደስ ባይላችሁም አትሰርዙት፤ ፋይሉን አውጥታችሁ ጆሮውን ለምታምኑት አንድ ሰው አሰሙት። ሁለተኛውን በነጋታው ጀምሩ።