ጸበሉም ኪኒኑም

በደማም አል ጀለዊያ ሰፈር የምትሠራ አንዲት እህታችን፣ አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሟ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አጫወተችን። ቤተሰቡ ኪኒኑን አስጥሎ ጸበል ብቻ ወስዶታል። «የምልከውን ገንዘብ ለምን ያውሉት?» ብላ ጠየቀችን።

ይህ ሕመም እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንጎል ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ለአፍታ ሲዛባ የሚመጣ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ውጤት፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ታማሚ ነበሩ። አብዛኞቹ ተገቢውን መድኃኒት አያገኙም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን፣ በአግባቡ ከታከሙ ከ100 ታማሚዎች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚሰጥ ርካሽ ኪኒን ነው። ቫልፕሮት የተባለው መድኃኒት ግን ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች እንዳይታዘዝ አሳስቧል። ከእናንተ መካከል የምትወስድ ካለች ሐኪሟን ታማክር እንጂ በራሷ አታቋርጥ።

ሰው ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት፤ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ። ከእሳትና ከስለት አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

ለእህታችን የመለስንላት ይህንን ነው፦ ወንድምሽ ጸበሉን ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ይብሳል። ከምትልኪው ገንዘብ የኪኒኑ ይቅደም።