አውሮፕላን ነጂና መጠጥ

ብዙ ሰው አውሮፕላን ነጂ ስካሩ ከበረደለት መብረር ይችላል ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ሕግ አብራሪ መጠጥ ከጠጣ በኋላ ስምንት ሰዓት ሳይሞላው መንዳት አይፈቀድለትም። ሰዓቱ ቢሞላም እንኳ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 40 ሚሊግራም አልኮል ከተገኘበት ተከልክሏል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሕግ ወሰኑን 20 አድርገውታል፤ በእንግሊዝ አገር የመኪና ነጂው ወሰን ግን 80 ነው።

ሰዓት ከተቈጠረ የደም ምርመራው ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። ምክንያቱ ጉበት ነው። ጉበት ከዚያው 100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በሰዓት በአማካይ 15 ሚሊግራም ያህል ብቻ ያጠፋል፤ ሰውየው ጥቁር ቡና ቢጠጣም፥ ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ ላይ ቢያፈስም አይቸኩልለትም። እንግዲህ እናስላው። መጠጡን ሲያቆም 200 ሚሊግራም የነበረበት ሰው በስምንት ሰዓት የሚጠፋለት 120 ነው። ተኝቶ ተነሥቶ፥ ታጥቦና ተላጭቶ፥ ደኅና ነኝ እያለ 80 ይዞ ወደ አውሮፕላኑ ይወጣል። (የሒሳብ መምህራችን ይህን ለፈተና ቢያቀርቡልን የሚወድቅ ባልኖረ!)

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጆሮ ነገር ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ ራሳችን ወዴት እንደ ዞረ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። በያንዳንዱ ቦይ ውስጥ ያለው ስስ መጋረጃ ክብደቱ ከፈሳሹ ጋር እኩል ነው። አልኮል መጀመሪያ ወደ መጋረጃው ገብቶ ያቀለዋል፤ ሰካራም ሲጋደም አልጋው የሚዞርበት ስለዚህ ነው። ኋላም ከመጋረጃው ቀድሞ ስለሚወጣ ሚዛኑ በተቃራኒው ይዛባል፤ ይህም ደሙ ከጠራ በኋላ ለብዙ ሰዓት ሊቈይ ይችላል። በደመና መካከል አድማስ የማይታየው አብራሪ፥ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሳለ የዘመመ ሊመስለው ይችላል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1977 ከአላስካ፥ ከአንከሬጅ ከተማ፥ ከብት ጭኖ ወደ ቶኪዮ የተነሣ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ወዲያው ወደቀ፤ የነበሩበት አምስት ሰዎችም ሞቱ። በዋናው አብራሪ ደም ውስጥ 298 ሚሊግራም ተገኘ። ወደ ጣቢያው ያደረሰው የታክሲ ነጂ ሁኔታው አሳስቦት ለድርጅቱ አስታውቆ ነበር። መርማሪዎቹ በአውሮፕላኑ አካል ላይ በረዶ እንደ ነበረ ከገለጹ በኋላ፥ ባልደረቦቹ ዋናውን አብራሪ አለመከልከላቸውም ለአደጋው አንዱ ምክንያት ነው ብለው ጻፉ። ከታክሲ ነጂ ያልተሰወረው፥ አጠገቡ ከተቀመጡት እንዴት ተሰወረ? ምናልባት አልተሰወረም ይሆናል፤ አለቃንና ታላቅን «ይቅርብዎ» ማለት እዚያም እንደ እኛ አገር ሳይከብድ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 በለንደን ሂትሮው ጣቢያ የዚያው አየር መንገድ ረዳት አብራሪ መጠጥ መጠጥ ሸተተ። ይህን ያስተዋለውም የበረራ ሠራተኞችን የሚያመላልሰው መኪና ነጂ ነበር፤ አመለከተ፥ ተሰማም። ሲመረመር 189 ሚሊግራም ተገኘበት፤ ፍርድ ቤቱም አሥር ወር እስራት ፈረደበት። አውሮፕላኑ ግን ያለ እርሱ ተነሥቶ ወደ ቶኪዮ በረረ።